የካዛንቺሱ ማርሻልና የጄት ክርክር

በዚህ ከተማ የማኪያቶ ማሽን ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ማርሻል አለው። ማዕረጉን የሰጠው መንግሥት አይደለም፤ ወንበሩ ነው። ጥግ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም፤ ምናልባትም ከልጅነቱ ጀምሮ በድንጋይ እንኳ ወርውሮ የመታው ነገር የለም። ናፖሊዮን ሞስኮ ላይ የት ጋ እንደተሳሳተ ግን ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የምትሉ ካላችሁ ወይ ካፌ አትገቡም፣ ወይ ማርሻሉ እናንተው ናችሁ።

እኔ በዘመኔ ብዙ ማርሻሎች አይቻለሁ። ኦሎምፒያ አካባቢ ከታንክ በቀር የማያነሣ አንድ ነበር። ሌላው ደግሞ ከምሳ በፊት በርሊንን ሁለት ጊዜ ይይዝና ከምሳ በኋላ ይለቅቃል። ከሁሉም የላቁት፣ የደረቡትም ኮት የከበደው ግን ክቡር ማርሻል ታዲዎስ ናቸው፤ የካዛንቺሱ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሊቅ ነበሩ፤ ሌላ ነገር አይነኩም። ቀን ቀን የተደረገ የአየር ውጊያ ካነሣችሁባቸው «እሱ የቀን ሠራተኛ ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ከየት አመጡት ለሚል፣ ከምድር ቤት ነው። ጋሽ ታዲዎስ ለሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። አንድ የውጭ አገር አማካሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ካርቶን ሙሉ የእንግሊዝኛ የጦርነት መጽሔት ትቶ ሄደ። ባለቤት የሌለውን ሰነድ መጣል ደንብ አይደለም፤ ሳያነቡ መመዝገብም እንዲሁ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው በአሥራ አንድ ዓመት አንብበው ጨረሱት። እሳቸው ራሳቸው አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ለመቀሌ ሴሚናር የአውሮፕላን ትኬት ቢቆረጥላቸው ትኬቱን ፋይል ውስጥ አስገብተው በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘው ደረሱ። ለምን ሲባሉ «አብራሪውን አላውቀውም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሌሊት ቦምብ ጣይ ይመጣል። ጨለማ ነው፤ ሊመታው የተነሣው ተዋጊ አብራሪ አፍንጫውን አያይም። ከኋላው ራዳር የሚያነብ ሰው ተቀምጦ «ግራ፣ ትንሽ ቀኝ፣ አሁን ቀስ» እያለ ይመራዋል። ለዓመታት ይህን ሥራ የሠሩት ፕሮፔለር ያላቸው አውሮፕላኖች ናቸው። በጦርነቱ ማብቂያ ወራት ግን ጀርመኖች ያንኑ ራዳር ጄት ላይ ገጠሙት። ከዚያስ? የቱ ተሻለ? ዓለም ጦርነቱን ጨርሶ፣ ሙታኑን ቀብሮ፣ ጥያቄውን ረስቶት ነበር። ካዛንቺስ ግን፣ በእትዬ ትርሓስ ካፌ ውስጥ፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ጥያቄው በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይከፈታል።

ማርሻል የፕሮፔለር ወገን ነበሩ። «ፍጥነት ዓይን የለውም!» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው። «ጄቱ ሲደርስ ያልፋል፤ ሲያልፍ ይጠፋል። ከመሮጥ ማንጋጠጥ ያሉት አበው ስለ ራዳር ነው!»

የጄቱ ጠበቃ ጎይቶም ነበር። ጎይቶም ኦሎምፒያ ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። አሥመራ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ያደገውም፣ ያገባውም፣ ጥርሱን የሰበረውም ካዛንቺስ ነው። ከማርሻል በአሥራ ሦስት ዓመት ስለሚያንስ «እርስዎ» ይላቸዋል፤ ክርክሩ ሲግል ግን እርስዎታው ብቻውን ይቀራል እንጂ አክብሮቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሞተር ከሩቅ ሰምቶ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ የሚናገር ሰው ነበር። «የማይደርስ ዓይን ምን ይሠራል፣ ጋሼ?» ይላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እንግሊዞቹ ከእንጨት የተሠራችውን ሞስኪቶ አውሮፕላን ይዘው በርሊን ላይ ሲመላለሱ የእርስዎ ፕሮፔለር ጭራዋን እንኳ አልነካም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እሱ ነው። የያዛት ጄት ነው!»

«ሞተሩ ስንት ሰዓት ይሠራል? ንገረዋ! አንተ መካኒክ አይደለህም?»

ጎይቶም እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያፍራል። የመጀመሪያዎቹ የጄት ሞተሮች ሃያ አምስት ሰዓት ከሠሩ በሰላም ኖሩ ነው የሚባለው። «ሃያ አምስት» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የራሱ ጋራዥ የሠራው ይመስል። «ግን ምን ዓይነት ሃያ አምስት ሰዓት!»

እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የደረስኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። ጎረቤት ካለ ቢሮ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ማርሻል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሊጠይቁኝ ጠርተውኝ በዚያው ቀረሁ። ወንበሬ በሁለቱ መካከል ነበር። አስተያየት አልተጠየቅኩም። የስኳሩ ዕቃ ቦምብ ጣይ ነው፤ የእኔ ማኪያቶ በርሊን ናት፤ ስለዚህ ጠጥቼ ስጨርስ ሁለቱም ይቆጡኛል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሌላ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ ማርሻል ግን ዕድል መጣ ብለው ተነሡ። ጎይቶም ጄት ሆኖ ከበሩ በፍጥነት እንዲመጣ፣ እኔ ፕሮፔለር ሆኜ ቀስ እንድል፣ ሁለታችንም መሐል ያለውን ባዶ ወንበር እንድናገኝ አዘዙ። እሳቸው ራዳር ሆነው «ግራ! ቀኝ! ቀስ!» እያሉ ይመሩናል። ጎይቶም እውነትም ጄት ሆነ። ወንበሩን አልፎ፣ ጠረጴዛ አልፎ፣ እትዬ ትርሓስ ብርጭቆ የደረደረችበት ትሪ ላይ ገባ።

«ፍጥነት ዓይን የለውም!» ጮኹ ማርሻል በጨለማው ውስጥ።

«ግን ደርሻለሁ!» አለ ጎይቶም ከወደቀበት።

«ዋይ አነ!» የእትዬ ትርሓስ ድምፅ ነው። «ሁለታችሁም እዚያው አየር ላይ ቆዩ! ስብርባሪውን ሳልጠርግ የሚያርፍ ሰው እንዳላይ!»

ሌላ ጊዜ ምስክር ይጠራ ተባለ። ሃምሳ አለቃ ምንዳዬ የሚባሉ ኮሪያ የዘመቱ አባት ሰፈራችን ነበሩ። ኮሪያ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዞ ተነሥቷል። ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ፣ እንደ ጋሪ የሚያዘግሙ አሮጌ አውሮፕላኖች በሌሊት እየመጡ ቦምብ ሲጥሉ፣ የአሜሪካ ጄቶች ከፍጥነታቸው የተነሣ ማነጣጠር አቃታቸው። አንዱ ጄት ልቀንስ ሲል ከአየር ወደቀ ይባላል። በመጨረሻ ነገሩን ያስተካከለው በፕሮፔለር የሚበር አብራሪ ነው። ለማርሻል ይህ የክርክሩ ዘውድ ነበር። አዛውንቱን በክብር አስቀምጠው፣ ሻይ አስመጥተው፣ «እርስዎ በዓይንዎ ያዩት፣ የቱ ይሻላል?» ብለው ጠየቁ።

ሃምሳ አለቃ ምንዳዬ ሻያቸውን ፉት አሉ። «እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ ልጄ» አሉ። «ያ ድምፅ ሲመጣ ወደ ላይ የሚያይ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ማርሻል ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ምስክሩ ይሰናበት» አሉ።

ማምሻውን ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው የሚለያዩት። ማርሻል ኮታቸውን ይለብሱና «መዝገቡ አልተዘጋም» ይላሉ። ጎይቶም «ነገ ይቅረብልኝ» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተለያይተዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስለ ጭስ ማውጫ ነበልባል ሲንሾካሾኩ የሟች እህት ወደ እነሱ ዞራ ስታለቅስ በጣም ያዘኑ መስሏት እጃቸውን ይዛ አመስግናቸዋለች።

በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀመረ።

በመጀመሪያው ሳምንት የእትዬ ትርሓስ ካፌ ሞልቶ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ወንበሩን እየጎተተ ይመጣል። ይኸው እውነተኛ ጦርነት፣ ይኸው እውነተኛ ጄት፤ ማርሻላችን ለዚህ ቀን አይደል እንዴ ሲማሩ የኖሩት? ከሁለቱም ወገን አውሮፕላን ተነሥቶ ቦምብ የጣለ ጊዜ ደግሞ መቆሚያ ጠፋ። ከፊት ለፊቱ ቢሮ የሚመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ «ማርሻል፣ በሉ እንጂ! ስለ ጄቶቹ ምን ይላሉ?» አላቸው።

«የየትኛው ዓመት?» አሉ ማርሻል።

«የዛሬው ነዋ! የዛሬው!»

«የዛሬው መዝገብ ገና አልደረሰኝም» አሉና ወደ ጎይቶም ዞሩ። «እህ፣ ሞስኪቶዋ ላይ ነበርን።»

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ሬዲዮኑ ስለ ባድመ ሲናገር እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ 1944 ያወራሉ። ሰው ተሰላቸ፤ ከዚያ ተቆጣ፤ ከዚያ ወንበሩን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ጎይቶምን ሰላም የሚለውም እያነሰ መጣ። የማውቃቸው ደህና ሰዎች በሩ ላይ ሲያዩት ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። የእትዬ ትርሓስ እህት መቀሌ ነበረች፤ ሦስት ቀን ስልክ አልገባ ብሏት ዓይኗ አብጦ ነበር። ያ ወፍራም ሰውዬ በዚያ ሰሞን «እዚህ ቤት ለጠላትም ወንበር አለ እንዴ?» ሲል ሁላችንም እሷን አየን። ማኪያቶውን ጎይቶም ፊት አስቀመጠችና «ወንበሩ የእኔ ነው፤ ሰው የማስቀምጥበትም እኔ ነኝ» አለች። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልመጣም።

እኔ ግን በማርሻል በጣም ተናድጄ ነበር። አንድ ቀን ወደ ታክሲ ስንሄድ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው እየሞተ ነው። እርስዎ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፕሮፔለር ላይ ነዎት። ማለቴ፣ በቃ ትንሽ አይከብድዎትም?»

ቆሙ። «ልዑልቃል» አሉኝ። «ስለዚህኛው ጦርነት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቃል ከተናገርኩ፣ ጎይቶም ወይ መልስ ይሰጣል ወይ ዝም ይላል። መልስ ቢሰጥ ያስነሡታል፤ ዝም ቢል ራሱ ይነሣል። እንዲነሣ አልፈልግም።» ከዚያ ታክሲያቸው መጣና ሄዱ። መንገድ ላይ ቀርቼ አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

በሰኔ ወር ውስጥ የጎይቶም ታላቅ ወንድም ከቤቱ ተወስዶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ድንበር መሄዱ ተሰማ። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። በማግስቱ ማርሻል የጥጉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አነበቡልኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ፣ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማመልከቻ ነው።

«ጉዳዩ፦ አቶ ጎይቶምን ስለማቆየት» ይላል። «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ ከአመልካች ጋር ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በእንጥልጥል ያለና ውሳኔ ያላገኘ ጉዳይ ስላላቸው፣ ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ካሉበት ስፍራ እንዳይነቀሉ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለእትዬ ትርሓስ ካፌ» የሚል አለበት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ...»

«እኔ ባለሁበት መዝገብ ቤት» አቋረጡኝ፣ «በእንጥልጥል ያለ ጉዳይ ያለበት ፋይል ከመደርደሪያው አይነሣም። ሚኒስትር መጥቶ ቢጠይቅ አይነሣም! ሕግ ነው።»

ብቻቸውን እንዳይሄዱ ተከተልኳቸው። የቀበሌው ጸሐፊ ማመልከቻውን አነበበ፣ ደግሞ አነበበና «ጉዳዩ ምንድን ነው?» አለ። መሬት ነው ማለት ይቻል ነበር። የዕቁብ፣ የአጥር፣ የመኪና ጥገና ማለት ይቻል ነበር። ማርሻል ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋሽተው አያውቁም።

«የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ጉዳይ ነው» አሉ ቀጥ ብለው። «ራዳርም አለበት።»

የጸሐፊው እስክሪብቶ ቆመ። በዚያ ሰኔ፣ በዚያች ከተማ፣ ጎይቶም የሚል ስምና ራዳር የሚል ቃል በአንድ ትንፋሽ መናገር ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። ወደ ጓዳው ቢሮ አስገቡንና አንድ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ብዙ የማይናገር ሰው መጣ። ፊት ለፊታችን ተቀምጦ «የትኛው አውሮፕላን ነው? ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» አለ።

ምስኪን ሰው። ማንም ማርሻል ታዲዎስን «ከመጀመሪያው ጀምረው» ብሏቸው አያውቅም ነበር። በፈረንጆቹ ከ1940 ጀመሩ። የማኅተሙን ቀለም ሳጥን ቦምብ ጣይ አደረጉት፤ የሰውዬውን ሲጋራ መያዣ ሞስኪቶ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይጽፍ ነበር። በአንደኛው ሰዓት መጻፍ አቆመ። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ «ቆይ፣ ታዲያ ጄቱ ለምን ፍጥነቱን አይቀንስም?» አለ።

«ጋዙን በድንገት ከነካው ሞተሩ ይጠፋበታላ!»

«እና በመጨረሻ የቱ ተሻለ?»

ማርሻል ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው መቱ። «ይኸው! ይኸው ነው እኮ ያልተወሰነው! ጎይቶም የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው!»

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ተነሣና «እኚህን አባት ቤታቸው አድርሳቸው» አለኝ። ማርሻል ግን ማመልከቻቸው ገቢ ካልሆነ አልነሣም አሉ። ጸሐፊው ማኅተም መትቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፋይል ውስጥ አስገባላቸው።

ስንወጣ ፊታቸው አብርቶ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ፋይል ተከፍቶለታል» እያሉ ደጋገሙ። «ፋይል ያለው ሰው አይጠፋም። ከእኔ እጅ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አልጠፋም።» እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለጥቂት ቀናት አመንኳቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ጎይቶም በሰዓቱ መጣ። እጁን አጥርቶ ታጥቧል፤ የመካኒክ እጅ እንደዚያ ነጽቶ ሳይ ደነገጥኩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሻንጣ ይዞ እንዲቀርብ ታዟል። ባለቤቱ ራሕዋና ልጆቹ ይቆያሉ፤ እሱ ብቻውን ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ ለእትዬ ትርሓስ በትግርኛ ባንኮኒው ላይ በዝግታ ነገራት። ከዚያ መጥቶ ተቀመጠ።

ማርሻል ሰምተዋል። ግን ስኳሩን ወደ መሐል ስበው «እህ፣ ትናንት የራዳሩ አንቴና የጄቱን ፍጥነት ምን ያህል ይቀንሳል በሚለው ላይ ነበርን» አሉ።

«ጋሼ» አለ ጎይቶም። «ዛሬ እጅ ሰጥቻለሁ። ፕሮፔለር ይሻላል።»

ማርሻል የስኳሩን ዕቃ ይበልጥ ወደ መሐል ሳቡት።

«ከልቤ ነው። አሸንፈውኛል። መዝገቡን ይዝጉትና ይረፉ፤ እኔን አይጠብቁ።»

ለዚህች ቃል ስድስት ዓመት ተሟግተዋል። ማታ ማታ ቤታቸው ውስጥ መጽሔት ሲያገላብጡ ያመሹት ለዚህች ቃል ነው። ከወንበራቸው ተነሡ። «አልቀበልም!» አሉ።

«ጋሼ...»

«አልቀበልም አልኩህ! ምን ማስረጃ አቅርቤ ነው ያሸነፍኩህ? እ? ሞስኪቶዋን ማን ይያዝልህ? ንገረኛ! በርሊን ላይ ናት፤ እየሄደች ነው፤ ማን ይያዛት?»

«ጄት» አለ ጎይቶም አንገቱን እንደደፋ።

«እንዴት አድርጎ?»

«በፍጥነቱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ፍጥነት ዓይን የለውም!»

«የማይደርስ ዓይን ምን ይሠራል?»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር፤ ክርክሩ ግን አንድ ነጥብ አልተዘለለበትም። እትዬ ትርሓስ ሌሎቹን ጠረጴዛዎች አጸዳች፤ ወንበሮቹን ሰቀለች፤ የእነሱን ሦስት ወንበር ተወችላቸው። ሲለያዩ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። መዝገቡ አልተዘጋም ያለ ሰው አልነበረም።

ማርሻል ለሦስት ሳምንት ካፌው አጠገብ ድርሽ አላሉም። ቀበሌ መመላለሳቸውን በኋላ ሰማሁ። ፋይሉን ይፈልጉ ነበር፤ ፋይሉም ተገኘ። በቦታው፣ በቁጥሩ፣ አንድ ገጽ ሳይጎድል ተቀምጧል። «መዝገቡ አለ» አሉኝ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ። «ሰውዬው የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።» ያን ዕለት በጣም አርጅተው ታዩኝ።

ተመልሰው የመጡ ቀን ሊያጽናናቸው የፈለገ አንድ ደንበኛ «አይዞዎት ማርሻል፣ ፕሮፔለር አሸነፈ አይደል?» አላቸው። ቀና ብለው አዩት።

«ማን ነው ያለው?» አሉ። «ሞስኪቶዋን ነክቷታል ፕሮፔለርህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የማይደርስ ዓይን ምን ይሠራል?»

የጎይቶም ቃል ነው፤ እጃቸውንም በማይታይ ጨርቅ ይጠርጉ ነበር። የጄት ጠበቃ ሆነው መጥተዋል፤ ፊት ለፊታቸው ግን የሚከራከር አልነበረም። ያ ደንበኛ ግራ ገብቶት ፈገግ አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ማርሻል ብቻቸውን በርሊን ላይ ቀሩ።

«ፍጥነት ዓይን የለውም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

ረዘም አድርገው አዩኝ። «ተቀመጥ» አሉኝ፤ ከመሐል ወንበሬ ተነሥቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

ይኸው 2006 ዓ.ም. ገብቷል። ያ የካዛንቺስ መንደር ፈርሶ ሆቴል ቆሞበታል። እትዬ ትርሓስ ሰንጋ ተራ አንድ ፎቅ ሥር ትንሽ ሱቅ ተከራይታ ማሽኗን ተከለች፤ እኛም ተከተልናት። ራሕዋ ጎይቶም በሄደ በሁለት ዓመቱ በናይሮቢ በኩል ልጆቿን ይዛ ወደ ባሏ ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሮም ባለ ዘመድ በኩል፣ ጎይቶም ደህና ነው፣ ጋራዥ ከፍቷል የሚል ቃል ደረሰን። ስልክም ደብዳቤም የለም። ማርሻል ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጄት አንድም ቀን አልተሸነፈም። እኔ የፕሮፔለር ጠበቃ ሆኜ አሥራ ስድስት ዓመት ተረትቻለሁ። አዲስ የሚገባ ደንበኛ ወደ እኔ እየጠቆመ «ይኼ ሰውዬ ለሽማግሌው ምናቸው ነው?» ሲል እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ነገር አገኘሁ። ምን እንደሆነ አልናገርም። ጄቱን ከነራዳሩ፣ ከነአንቴናው መሬት የሚያወርድ፣ ማርሻል ሊመልሱት የማይችሉት ማስረጃ ነው። ቢሮ ውስጥ አትሜ በደረት ኪሴ አድርጌ ሄድኩ። ሰው ነኝና በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ማሸነፍ አማረኝ።

ማርሻል ያን ቀን ግሩም ነበሩ። ሳሉ ፋታ ባይሰጣቸውም ሞስኪቶዋን ሁለት ጊዜ ጣሏት። «የያዛት ጄት ነው!» ሲሉ ድምፃቸው ሲሰበር ከእሳቸው አፍ የሚወጣው የማን ድምፅ እንደሆነ ለእኔና ለእትዬ ትርሓስ ግልጽ ነበር። እጄ ኪሴ ላይ ነበር። ወረቀቱን ባወጣው የምረታው እሳቸውን አልነበረም። እዚያው ተውኩት።

«አሸነፉኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ኮታቸውን እየለበሱ፣ አንዱን እጅጌ ማግኘት አቅቷቸው፣ ቆም ብለው አዩኝ።

«እኔ አላሸነፍኩህም» አሉ። «እሱ ነው ያሸነፈህ።»